ይቅር በጣሊያንኛ

ሥራዬ ቃል ማሻገር፥ ካንዱ አፍ ወዳንዱ ጆሮ፣
ቶሪኖ፥ ሦስተኛ ፎቅ፥ የሽምግልና ቢሮ።
መስኮቱን ብትከፍተው፥ በረዶ የጫነ ተራራ፣
ከታች የትራም ኩርፊያ፥ የገበያ ፉከራ።

በዚህ በኩል ጌጡ፥ ጥቁር ማተብ ባንገቱ፣
የፊት ጥርሱ የለም፥ ሲናገር ያፏጫል ክፍተቱ።
ሸሪኩ እንድሪስ፥ ተቀምጧል ካጠገቡ፣
የሐይቅ ዳር ልጆች ናቸው፥ ባንድ ውሃ የታጠቡ።
ዓርብ ቀትር ላይ ጌጡ፥ እሑድ ጧት እንድሪስ፣
ያንዱ ሚዛን ባንዱ እጅ፥ ከጸሎቱ እስኪመለስ።

ፊት ለፊት ኢቫኖ፥ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ጥፍሩን በጥርሱ ይበላል፥ ታለቅሳለች እናቱ።
የገንዘብ ሣጥን ነጥቆ፥ በክርኑ ጥርስ አውልቆ፣
ሁለት መንገድ ሳይሻገር፥ ተያዘ ጎመን ላይ ወድቆ።

«ምን ትፈልጋላችሁ?» አለች ሲኞራ ማሪዛ።
ቃሏን አሻገርኩላቸው፥ ክፍሉን ዝምታ ገዛ።

መች ሥራዬ ሆኖ፥ በልቤ ግን ገመትኩኝ፣
የሁለቱን እምነት፥ ጫፍ ጫፉን አሰብኩኝ፦
አንዱ ለተመታ ጉንጭ፥ ሌላውን ጉንጭ ያበድራል፣
አንዱ ሚዛን ዘርግቶ፥ ለሚተው ሰው ያደላል።
ስለዚህ ጌጡ ይተዋል፥ እንድሪስ ይሟገታል፣
ብዬ ቃላት አዘጋጀሁ። ሰው ግን መች ተራ ይጠብቃል?

ጌጡ ጠረጴዛ መታ። «ሕግ ነው የምፈልገው፣
ጥርሴ ዘጠኝ መቶ ዩሮ፤ ይክፈላት የነቀለው!»
እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ፥ አቀርቅሮ ወደ መሬት፣
«ይቅር» አለ፥ ሌላ የለም። አንዲት ቃል፥ ያለ ምክንያት።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»
ምን ልበላት?
ገንዘቡ ይቅር?
ወህኒ መውረዱ ይቅር?
ልጁ እቤቱ ይቅር፥ ከናቱ ጋር ይደር?
በኛ አፍ አንድ በር ነው፥ በነሱ ሦስት መዝጊያ፣
ቁልፍ በእጄ ይዤ ቆምኩ፥ አጥቼ መግቢያ።

ጊዜ ለመግዛት ብዬ፥ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦
ለጌጡ ምሕረት፥ ለእንድሪስ ረሕመት።
ያው ሦስት ፊደል ናቸው፥ መ እና ሐ እና ረ፣
አንዱ ከፊት ወጥቶ፥ አንዱ ከኋላ ቀረ፤
ለዚህች የቦታ ልዋጭ፥ ስንት ሺህ ሰው ተቀበረ?
አንድ ናቸው አልልም። ወንድማማችም ርስት ይካፈላል፣
አንዱ በፍቅር ጀምሮ፥ ሕግ ሲያጣ ይቸገራል፤
አንዱ በፍትሕ ጀምሮ፥ መሽቶበት ከእዝነት ደጅ ያድራል።

«ጥርሱ የኔ ነው» ብሎ፥ ጌጡ ሸሪኩን ቆጣ፣
«ላላመመህ ቁስል፥ መሐሪነት ከየት መጣ?»
እንድሪስ ሳቀ። «እውነት ነው። ግማሹን ሣጥን ማርኩ፣
ጥርስህን ላንተ ተውኩ።»

ግማሽ ምሕረት ብዬ ተረጎምኩ። ሲኞራዋ ብዕር አነሣች፣
«በመቶኛ ስንት ነው?» ብላ በትሕትና ጠየቀች።

ጌጡ ዝም አለ ብዙ፤ ምላሱ ክፍተቱን ዳሰሰ፣
ጣቱ ማተቡን ጠመዘዘ፥ ላቡ በፊቱ ፈሰሰ።
«ቅዳሜ ከሌሊቱ ዐሥር፥ ሣጥን ሊሸከም ይምጣ፣
ጥርሴን እስከ ፋሲካ ላስብበት» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ፋሲካ አለፈ፥ ረመዳንም። ጌጡ እስከ ዛሬ ያፏጫል፣
አስቦ ምን ላይ እንደደረሰ፥ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?
ባለፈው ቅዳሜ ግን አለፍኩ፥ በፖርታ ፓላትሶ ጎን፣
ያሮጊት ቦርሳ ሲሞላ፥ ኢቫኖ ቆሞ ከሚዛን።
ሃያ ሳንቲም ጎደላት፥ ኪሷን ፈትሻ አፈረች፣
«ይቅር» አላት ባማርኛ፤
እሷም፥ ያላስተርጓሚ፥ ቲማቲሟን ይዛ ሄደች።