«አንድ»

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ድጋፍ አልባ፤
ቦርሳዬን አዝዬ ግድግዳ ታክኬ ስገባ፣
ጋሽ ዘርጋው በሩ ላይ፣ እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ፣
«በከንቱ ደከምሽ፣ መብራት ሄደ» አሉኝ፣ ድምፃቸው እያነሰ።

እኔ ግን ደስ አለኝ።
ሽቦ ሲሞት ነው ልቡ የሚደመጥ፤
በቁሙማ ይነክሳል፣ መች መልስ ሊሰጥ።

ፎርኖው ጥግ ተቀምጧል፣
ከሦስት ኪራይ ቤት አብሮ ተሰዶ፣ ቀለሙን በየደጁ አጥቶ።
ጀርባውን አዞርኩት። ስምንት ብሎን፤ አንዱ ራሱ ተላጦ፣ ዝጎ ተጣብቶ።
«የታችኛው ሬዚስታንስ ነው» አሉ፣ «እኔ አይፋ የነዳሁ ሰው፣
በሽታውን በሽታው ነው የምለየው።»
ይኸው አዲስም ገዝተዋል፣ ከመርካቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ግማሽ የወር ጡረታ ተከፍሎ።

ቴስተሬን አወጣሁ፣ ቀይና ጥቁር ምላሱን፤
ገመዱን ጠየቅኩ፤ አለ።
ፊውዙን ጠየቅኩ፤ ጢጥ ብሎ ነገረኝ ደኅና መድረሱን።
አሮጌውን ሬዚስታንስ፣ ያን የተከሰሰውን፣
ጫፍና ጫፉን ነካሁ፤
ሠላሳ አለ። ሠላሳ!
ጤነኛ ነው፤ በቁሙ የተለቀሰለት ሬሳ።
አዲሱን ነካሁ፣ ከነብልጭታው፤
«አንድ» አለ።

የዚህ ቴስተር «አንድ» ቁጥር አይደለም፣ ብቻነት ነው።
ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ጫፍ ጫፉን አያውቀውም፤
በአንድ ጣራ ሥር እንደሚያድሩ ሁለት ኩርፈኞች።
«አዲስ እኮ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣
ጋዜጣውን አጣጥፈው፣ መልሰው እየዘረጉ።

የቀረው ቴርሞስታት ነው፤ ልክ የሚያውቀው፣ «በቃ» የሚለው፣
ሲግል ቆርጦ፣ ሲበርድ ቀጥሎ ቤት በሰላም የሚያሳድረው።
ነካሁት። «አንድ።»
ደግሜ ነካሁት። «አንድ።»
ከፍቼ አየሁት፤ ከስሏል።
ስንት ዓመት ለሌላው «በቃ» ሲል
ለራሱ በቃው።

«ታዲያ ዝለይው፤ ቀጥታ አድርጊልኝ፤ ዛሬ ነው የምፈልገው፤
የብሩታዊት ልጅ ነገ ከመዋዕለ ሕፃናት ይመረቃል፣
ዳቦ ቃል ገብቻለሁ፤ ሊጡም ኩፍ ብሏል።»
እውነታቸውን ነው። ሁለት ሽቦ መቋጠር የደቂቃ ሥራ ነው፤
ይሞቃል፤ ይግላል፤ ግን ማን «በቃ» ይበለው?
ልክ ያላወቀ እሳት ዳቦውን ሲጨርስ
መጋረጃውን ነው የሚጠይቀው።
እምቢ አልኩ።
ተኮራረፍን፤ እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፤
አንድ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ልጆች ከታች ጮኹ፣
የላይኛው ቤት ቴሌቪዥን ከመሃል ዓረፍተ ነገር ጀመረ።
ካቻቢቴዬን ሶኬቱ ውስጥ ሰደድኩ፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ነጥብ በራች፤
«ፌዙ አለ» አልኳቸው።
«ፌዝማ መች ጠፍቶ» አሉኝ፣ «ይኸው ከመርካቶው ነጋዴ ጀምሮ!»
መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ። ከዚያ እሳቸው።

ሊጡን በትሪ ተቀበልኳቸው፣ ከአስፋልቱ ማዶ ዳቦ ቤት አለ፤
አዲሱ ሬሳ በቦርሳዬ፣ ነገ ለነጋዴው ይመለሳል።
ከበሩ ዞር ብዬ አየሁ፦
ፎርኖው አይሞቅም፣ ውስጡ ያለችው ትንሿ አምፖል ግን በርታለች፤
ጋሽ ዘርጋው ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል፣
እንደ ዜና
ያዩዋታል።