የልጣጩ ውፍረት

አያቴ ካርፕ ከክምሩ አንድ ሽንኩርት መረጠ፣
ወደ ፋኖሱ አስጠጋ፣ በጥፍሩ ገለጠ፤
«ልጣጩ ወፍራም ነው» አለና ዝም አለ፣
ንፋሱ ከውጭ በሩን እየታገለ።
እሱ ሬዲዮ አያምንም፤ ብርዱን የሚያነበው
ከሽንኩርት ገላ ነው።

መንደራችን አንድ ጎዳና ነው፤ በግራ ሐይቅ፣ በቀኝ ሽንኩርት፤
ሰው መሃል ለመሃል ይኖራል፣ ከሁለቱ እየተበደረ ሕይወት።
እናቴ ፌቲንያ ከወለሉ ተቀምጣ
ትጎነጉናለች፣ ትልቁን ከትንሹ አማርጣ፤
ቁጥሩ ሲጠፋባት ከአንድ ትጀምራለች፣
ሃያ ጉንጉን ሲሞላ በሁለት ጣት ታማትባለች።

ጥቅምት ተጋምሷል። ፔይፕሲ ሐይቃችን
እንደ ሰከረ አጎት መጥቶ ከደጃችን
አጥር ይነቀንቃል፣ የሚሳደብ ይመስላል፤
ሲነጋ ያፍርና ወደ ኋላው ይላል።

አባቴ ሳቫቲ መረቡን ይጠግናል፣
ወንድሜ የፊም ምድጃ ይቆሰቁሳል፤
ከመሃላቸው ድመቷ፣ ከመሃላቸው እኔ፣
«ጨው ያቀብለኝ በዪው» እየተባልኩ በጎኔ።
ሃያ ሦስት ቀን ሆነው አንድ ቃል ካልወጣ፣
የፊም «ታርቱ ልሂድ» ብሎ አባቴ ከተቆጣ።
«ጀልባው ለማን ይሁን?» ነበር ያለው አባቴ፤
እስካሁን አለ ጥያቄው፣ ተሰቅሎ ከቤቴ
እንደ እርጥብ ካፖርት።

በዚያው ሐሙስ ሌሊት
ውሃው አላንኳኳም፤ ገባ። ከወለሉ በታች
ድንቹ ተንሳፍፎ ሳንቃ ሲያንኳኳ እናቴ ሰማች።
«ሽንኩርቱን!» ነበር ጩኸቷ፤ ልጆቼን አላለች፤
ኋላ ስንስቅባት «እናንተማ እግር አላችሁ» አለች።
መሰላል ተያዘ። ጉንጉኑ በእጅ በእጅ
ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ
ወደ ቆጥ ወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፣
ሁላችንም አነባን፤
ሽንኩርቱ ይሁን ፍርሃቱ፣ ምክንያቱን ማን ያጣራው።

ከዚያ በሐይቁ በኩል አንድ ነገር ተበጠሰ፤
አባቴ ጫማ ሳያደርግ ወደ ደጅ ገሰገሰ።
ጀልባው!
አንዱ ገመድ ለቋል፤ ጨለማው ውስጥ ከፍ ዝቅ
ይላል ጀልባችን፣ እንደ ፈረስ ከልጓሙ ሊላቀቅ።
የፊምን ማንም አልጠራውም። ግን ከኋላው ነበረ፣
ውሃው እስከ ደረቱ፣ በአንድ እጁ አየር እየቆፈረ።
ከደፍ ላይ ቆሜ ያዝኩላቸው የፋኖሱን ብርሃን፤
አባቴ አፉን ከፈተ። ሃያ ሦስት ቀን
የከረመው ነገር ሊወጣ ነው ስል ዛሬ፣
«ጫፉን ያዝ!» አለው።
«ይዣለሁ!» አለ የፊም።
ይኸው ነበር ወሬ።

ሲነጋ ሐይቁ አፍሮ ወደ ቦታው ተመልሷል፤
አጥራችን ሥር አንድ ዓሣ የአጎቴን የዞትን ባልዲ ተንተርሷል።
አያቴ ተኝቷል፤ እናቴ ጭቃ ትጠርጋለች፣
ድንቹን አጥባ ከምድጃው ጠርዝ ላይ አስጥታለች።
አባትና ልጅ ጀልባውን ገልብጠው ቅጥራን ይቀባሉ፤
አሁንም አይነጋገሩም፣ ግን መዶሻ ይቀባበላሉ
እኔን ሳይልኩ።
ሥራ ፈታሁ።

ኅዳር ሲገባ የፊም በአውቶቡስ ሄደ ታርቱ፤
አባቴ አልሸኘውም፤ «ወገቤን» ብሎ ቀረ ከቤቱ።
ግን ሌሊቱን ከቆጥ ሲወርድ አይቼዋለሁ በዓይኔ፣
ከሁሉ የረዘመውን ጉንጉን አቅፎ፤ ጣቱን ከአፉ አድርጎ ለእኔ፣
ከሻንጣው ውስጥ ሸጎጠ፣ ከሹራቡ ሥር፣
እንደ ሌባ በቀስታ፣ እንዳይሰማ ሲጢጥ ሲል በር።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣልን፤
የፋብሪካውን ፉጨት፣ የአልጋውን ጥበት ጻፈልን፤
ደግሞም «አውቶቡሱ ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ፣
ከጎኔ የነበረው ወታደር መስኮት ከፈተ» አለ።
አባቴ ያችን መስመር ሁለቴ አስነበበኝ፤
«ሽንኩርት ነው ያለው?» ብሎ እንደገና ጠየቀኝ።
«አዎ» አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ።
ሐይቁ ከዳር መርጋት ጀምሮ ነበረ።