የልብስ ሰፊው ሜትር

ኤውሴቢዮ ልብስ ሰፊው፣ ከቫልፓራይሶ ዳገት፣
ዓለምን የሚያውቃት በደረት፣ በወገብ፣ በአንገት፤
ርቀት ለመናገር ኪሎ ሜትር የማይሻ፣
“ከትከሻ” ይላል እንጂ፣ “እስከ ትከሻ”።

ስንት ይርቃል ብሎ ትኬት ሻጯን ጠየቃት፤
ጥፍሯን እየሞረደች፣ ጉዳዩ ሳይደንቃት፣
“ከሳንቲያጎ ኦክላንድ ወደ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር፤
ሲሄዱ አስራ ሦስት ሰዓት፣ ሲመለሱ አስራ አንድ” አለች በቁጥር።
“መንገዱ አንድ አይደል?” አላት፣ “ምን አሳጠረው ደሞ?”
“ነፋሱ ነው፣ ጌታዬ፤ ሲመለሱ ይገፋል ከኋላ ቆሞ።”

አንድ ሱሪ፣ ሁለት እግሩ እኩል ተለክቶ፣
አንዱ ረዝሞ ቢገኝ፣ አንዱ አጥሮ ወጥቶ፣
ደንበኛ ዝም አይልም። ሰማይ ግን ሰፍቶታል
እንዲህ ያለ ሱሪ። ማን መልሶበታል?

ማታ፣ ከልጁ ከሚሬያ የተማሪነት ዘመን የቀረች
ሉል አወረደ፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሳ የኖረች።
ክር ወጠረባት፤ ካንዱ ጫፍ አገሩ፣ ካንዱ ጫፍ ልጁ፤
ክሩም ተንሸራቶ አመለጠ ከእጁ፣
ካርታው ላይ የሚያውቀውን ቀጥ ያለ መንገድ ትቶ፣
ወደ በረዶው፣ ወደ ደቡብ ጎብጦ፣ ተኝቶ።
“ልክ ነው” አለ ለራሱ፣ “ክብ ገላ ላይ የለም ቀጥ ያለ ስፌት፤
ይህንንስ ያስተማረኝ የዳቦ ጋጋሪው ሆድ ነው፣ የአርባ ዓመት ልፋት።”

ለልጅ ልጁ ለታማቲ ሦስት ኮት ሰፍቶ ልኳል፣
ሚሬያ በስልክ የነገረችውን ልክ በልኩ አድርሷል፤
ፖስታው ግን ባሕር ሲሻገር ወር ተኩል ፈጀ፤
ልጁ አደገ። ኮቱ ሳይለበስ አረጀ።
“እጅጌው ከአንጓው አይደርስም” አለችው እየሳቀች፤
የርቀት ልክ ለኤውሴቢዮ ያን ቀን ታወቀች፤
አራት ጣት ናት፤ ከእጅጌ ላይ የጎደለች።

ረቡዕ ማታ ተሳፈረ። ፍተሻ ላይ መቀሱን ወሰዱበት፤
ከኪሱ የተጠቀለለውን ሜትር ግን ተዉለት።
ነገ ሐሙስ ነበር፤ አስራ ሁለት፤ የኦቲልያ ሙት ዓመት፤
ሱቁን ዘግቶ፣ ከባዶ ወንበሯ ጋር ተፋጦ የሚውልበት፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ገና ወሩ ሲገባ የሚፈራው ዕለት።

ከመስኮቱ ስር ጨለማ፣ ከጨለማው ስር ባሕር፤
ባሕሩ ላይ አለ ይላሉ በዓይን የማይታይ መስመር፤
እሱን ሲያልፉ ቀን ይቆረጣል፣ ያለ መቀስ፣ ያለ ደም፤
ሲያርፉ ዓርብ ማለዳ ነበር። ሐሙስ የለም።

አስተናጋጇን ጠራ፤ “ልጄ፣ ሐሙስ የት ወደቀ?”
“ሲመለሱ ሌላ ቀን ይተካልዎታል” አለችው፤ እሱ ግን አላወቀ
ማልቀስ እንዳለበት ወይስ ማመስገን፤
ቀበቶውን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ።

ሚሬያ በር ላይ ናት፤ ከአጠገቧ ታማቲ፣ ሰባት ዓመቱ፣
የአያቱን ቋንቋ አያውቅም፤ ዝምተኛ ነው እንደ አባቱ።
ሽማግሌው አላቀፈም፣ አልሳመም፣ አላለቀሰም፤
ከኪሱ ሜትሩን መዘዘ፤ ሌላ ሰላምታ አላስታወሰም።
ልጁ፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ክንዱን ዘረጋለት፤
ትከሻው ላይ ዜሮውን አኖረ፣ አንጓው ላይ ጨረሰበት፤
“አርባ አንድ!” አለ ጮክ ብሎ፤ ሻንጣ የሚገፉት ዞረው አዩት፤
ከዚያም፣ ለሚያድግ ልጅ እንደ ልማዱ፣
ሁለት ጣት ጨመረበት።