መካከለኛዋ

ከኢሳልሚ ወጣ ብሎ፣ ጥዱ ጫካ መሐል፣
ሰባተኛው መወርወሪያ ሐይቁን ተደግፏል።
ሁለት በርች፣ ነጭ ለብሰው፣ በር ሠርተው ቆመዋል፤
ከበሩ ወዲያ ቅርጫቱ፣ ሰንሰለቱን አንጠልጥሎ፣
«ና» ሳይል፣ «አትምጣ» ሳይል፣ እንዲያው ዝም ብሎ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሜ ሐይቁን ቀለብኩት፤
ብርቱካኑን ሰጠሁት፣ ሰማያዊውን ሰጠሁት፤
ልጄ ለልደቴ የገዛችልኝን እንኳ፣
ያን ጠርዘ ስለታም፣ ያን ፈጣን፣
ውኃው ላይ አንዴ ነጥሮ ሲሰምጥ አየሁት።

የግንድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ስልሳ ቶን እጎትታለሁ፤
በረዶ ላይ፣ በጨለማ፣ መሪዬን አምናለሁ።
መቶ ሰባ አምስት ግራም ፕላስቲክ ግን
እጄ ላይ ስትቀመጥ፣ ላምናት አልቻልኩም።

ፈጣኑ ዲስክ ለውሸት ይመቻል።
«ነፋሱ ነው» ትላለህ፤ ነፋስ አይከራከር።
«ቅርንጫፉ ነው» ትላለህ፤ ዛፍ አፍ የለው ሊናገር።
መካከለኛዋ ግን ያንተን ጉድ አትሸሽግ፦
ካዘነበልክ ታዘነብላለች፣
ከተንቀጠቀጥክ ትንቀጠቀጣለች፤
እንደ ልጅ ናት፣ ቤት የሰማችውን ደጅ ታወራለች።

ጎረቤቴ ላህያ፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
የትምህርት ቤት ሾርባ ስታማስል ያለቀ ጉልበቷ፣
ቦርሳ የላት፣ ጋሪ የላት፤ በሰፊው ካፖርቷ ኪስ
አንዲት ቢጫ ዲስክ ብቻ፣ ጠርዟን ውሻ ያኘከው።
በዚያችው ትጀምራለች፣ በዚያችው ታስገባለች፤
አሥራ ስምንቱን ጨርሳ፣ ቢንቢ ካንገቷ እያባረረች፣
«ስንት ወረወርክ?» ትለኛለች፣ መልሱን እያወቀች።

አንድ የሰኔ ማታ፣ ፀሐይ መጥለቁን ረስታው፣
«እንካ» አለችኝ ቢጫዋን።
«ሰማንያ ሜትር ነው፤ ምን ሩቅ አለው?
ደግሞ አጥብቀህ ምን ያዝካት? ልትሄድ ነው የመጣች።
ጉልበት አልጠየቀችህም። የጠየቀችህን ስጣት።»
«ምን ጠየቀችኝ?» አልኳት።
ላህያ አንድ ቢንቢ ገደለች። አልመለሰችልኝም።

የመጀመሪያው ግራውን በርች መታ።
ሁለተኛው ቁጥቋጦ ገባ። ሦስተኛውን አልናገርም።
ያለን ዲስክ አንድ ነውና
እየሄድኩ አነሳሁ፣ እየተመለስኩ ወረወርኩ።
ሐይቅ የዋጠውን ጥፋት ማን ይጠይቅሃል?
ይሄን ግን በእግርህ ሄደህ፣ ጎንበስ ብለህ ታነሳለህ፣
ጭቃውን በሱሪህ ትጠርጋለህ፣
የውሻውን ጥርስ ምልክት ባውራ ጣትህ ትዳብሳለህ።

ዘጠነኛው ይሁን አሥረኛው፣ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ፣
ትከሻዬ ዝሎ፣ ትዕቢቴም አብሮት ዝሎ፣
ወረወርኩ ማለት አልችልም፤
ለቀቅኳት።

ሄደች።
ውኃ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጡባት ጠብ ሳይል፣
በሁለቱ በርች መካከል፣
መብራት ሳታበራ ጓዳዋን እንደምታቋርጥ ሴት፤
መጨረሻ ላይ ትንሽ ወደ ግራ አለችና
ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ቅርጫት አልገባችም። ስምንት እርምጃ ቀርቷታል።
ሰንሰለቱ አልጮኸም፣ ያጨበጨበም የለም።
ላህያ «እህ» አለች፤
እኛ ሰፈር ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

ቢጫዋን እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልመለስኩ፤
አሁን አረንጓዴ ይዛለች፣ ውሻው ገና ያላገኛት።

ዛሬም ነፋስ ሲነሳ፣ ከኋላ ሰው ሲጠብቅ፣
እጄ ሳላዘው ወደ ፈጣኑ ይሄዳል፣
ቦርሳው አፍ ላይ ያመነታል።
አንዳንድ ቀን ያወጣዋል፤ ሐይቁም ጠግቦ አያውቅ።
አንዳንድ ቀን ግን ይመለስና
የተኘከውን ጠርዝ ፈልጎ ያገኛል፤
ምን እንደጠየቀችው እስከ ዛሬ ሳያውቅ፣
ይሰጣታል።