በሚኒሞ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ፣
የጀልባ ሳል ሰምቼ በሽታ ዐውቃለሁ፤
ድስት ፊት ስቆም ግን ገና እማራለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ይኸው ሁለት ክረምት፤
ታንጉት ግን አላቆመች፣ ታዋልዳለች ሌሊት፣
ታዋልዳለች ቀንም፣ በበዓልም ዕለት።
ደክሟት ገብታ ደግሞ ሽንኩርት ስትልጥ ማታ፣
እኔ እግሬን ዘርግቼ፣ ዜና በጸጥታ…
አፈርኩኝ በስተርጅና፤ ወሰንኩ ባንድ አፍታ።

ድስቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሰጧት ባልደረቦቿ፣
ስንቱን ሕፃን ተቀብለው ስላረጁ እጆቿ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ፣
እንደ እንግዳ ባርኔጣ አቧራውን ደፍቶ፣
ወርዶ አያውቅም ነበር አንድ ወጥ እንኳ ሠርቶ።
ወረቀቱ «ስምንት ሰዓት፣ በዝቅተኛ ሙቀት» ይላል፤
በሚኒሞ ማለት አይደል? ይሄማ ለኔ ይቀላል!
ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባዋ ሳትነሣ፣
ዱግ ዱግ እንደምትል ድምጿን ቀንሳ።

ሰኞ ማታ ዘፈዘፍኩት ያንን ቀይ አደንጓሬ፤
ጠዋት ሳየው አብጧል፣ ሆኗል የጣና ጉማሬ።
አፍልቼ ውሃውን ደፋሁ። ግሽ ዓባይ ሄጄ፣
ከይርሳው ሉካንዳ ክንድ ተኩል ቋሊማ በእጄ።
«ለማን ነው?» አለኝ። «ለሚስቴ» አልኩት። ሣቀ።
«የምትሠራው እሷ አይደለች?» ብሎ ጠየቀ።
ዝም ብዬው ወጣሁ፤ ጆሮዬ ግን ሞቀ።

ሽንኩርቱን ከተፍኩት፣ ዐይኔ እየተቃጠለ፤
ካቻቢቴ የለመደ እጅ ቢላዋ ላይ ዛለ።
ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ ቆንጠር አድርጌ፣
በርበሬውን ፈርቼ፣ ደፍሬ፣ ደግሞ አፈግፍጌ፣
ቋሊማውን ቆራርጬ ላዩ ላይ ደርድሬ፣
ረፋድ አራት ላይ ገጠምኩት። በቃ፣ ሄደ ባቡሬ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ከመስታወቱ ሥር
አንዲት አረፋ ወጣች፤ ዓሣ ያለበት ይመስል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት ድርግም አለ፤
የድስቱ ቀይ ዐይን ተከደነ፣ ቤቱም ጭር አለ።
ሞተር መሐል ጣና ላይ ሲጠፋ ዐውቃለሁ፤
ጩኸት የለም፣ ለቅሶ የለም፤ መቅዘፊያ አነሣለሁ።
ከሰል አያያዝኩ፤ የሸክላ ድስት አወረድኩ፤
እየፈሰሰ፣ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉን ገለበጥኩ፤
ፍሙን በዐመድ ሸፈን፣ ገለጥ፣ ሸፈን አደረግኩ፤
ነዳጅ እንደሚመጥን ሰው አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

መሸ። የሐይቁ ነፋስ በሽምብጥ በኩል ገባ፣
የእርጥብ ደንገል ሽታ ከበርበሬው ጋር ተጋባ።
ጎረቤቴ የኔዓለም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«ታንጉት መጣች እንዴ ዛሬስ?» አለች ሽታውን ፍለጋ።
«አልመጣችም» አልኩና ጭልፋውን ደበቅኩት።
እሷም አየች፤ ማየቷንም እኔ አየሁት።

ስልክ ጮኸ። «መንታ ነው፣ አንዱ ዞሯል፤ እቆያለሁ።»
«ልጅና አደንጓሬ አይቸኮልም» አልኳት፤ «እጠብቃለሁ።»

ስድስት ሰዓት ካለፈ ባጃጅ ደጃፍ ላይ ቆመ፤
ጉልበቴ ከበርጩማው ተነሣ፣ እያዘገመ።
ጫማዋን አወለቀች። ክዳኑን ከፈትኩላት፤
ፍሙ በእንፋሎቱ ውስጥ ፊቷን አበራላት።
ቋሊማው ተሰንጥቆ፣ መረቁ ወፍሮ፣ አደንጓሬው ልስልስ ብሎ…
ማንኪያውን አነሣች፤ አሸተተች፤ ዐይኗን ጨፈነች፤
«ውይ! ረቡዕ ገባ እኮ!» አለች።

«ዶሮ እስኪጮኽ» አልኳት፣ «ገና ማክሰኞ ነው።»
«ይሄ የየትኛው አባት ቃል ነው?» «የመካኒኩ ነው።»
ሣቀች። ሣቋ ሳያልቅ ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ አረፈ፤
ማንኪያው ከእጇ ሳይወርድ እንቅልፍ ይዟት ከነፈ።
ያን ጊዜ፣ ሰዓት የማያውቀው የየኔዓለም ዶሮ ጮኸ።

ምን አደርጋለሁ? ጋቢ ደረብኩላት፤ ድስቱን ከደንኩት፤
ፍሙን አወጣሁና አንድ ረመጥ ብቻ ተውኩት።
ሐሙስ ሩቅ አይደለም።
                              ለጨው ብዬ ግን፣ በቀን፣ አንዲት ቁራጭ ቀምሻለሁ፤
ጣፍጧል። እሱን ለታንጉት ሐሙስ እነግራለሁ።