ሞገዷ ጭረት

ዓርብ ጠዋት፣ አፉላ። ሐምሲን ነፍሶ አድሮ ሰማዩ ደፍርሷል፤
ማሽኔ ግን ደህና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያስነጥስ ሠርቷል።
ሳይቸግር ጤፍ ብድር!
አዲስ ቅጂ ወጣ። ከስሙ ፊት ቆማ ሞገድ መሳይ ጭረት
«አልተፈተነም» ትላለች፤ እንዳላየ ሆኜ በሩን ከፈትኩለት።
ደግሞም ተራ ዕቃ አይደለም፣
ሁሉ የሚደገፍበት ምሰሶ ነው።

ጥሬው ኮድ ሲፈጭ ዋለ፤ ፋኑ እንደ ተነካ ቀፎ አጉረመረመ፤
«ዘጠኝ ሰዓት ያልቃል» ያልኩት አሥራ ሁለትም አለፈው፤
ጠረጴዛው እንደ በሽተኛ ግንባር ጋመ።

«ስንሻው፣ ተው በቃ፣ ሰንበት ልትገባ ነው!» አለች ያልጋነሽ ከበሩ፤
ያን ጊዜ መስመሩ ቀላ። እኩሉ አዲስ፣ እኩሉ አሮጌ፣ ተላቀቀ ማገሩ።
«ፋይሎቼን አሳየኝ» አልኩት፤
ማሳየት ራሱ ጠፍቶበታል።
እጄን አነሳሁ።

ሌሊቱን፣ ቀኑን ሙሉ፣ ነጯ ጠቋሚ ብቻ ብልጭ ድርግም ስትል፣
ላጠፋት አልችል፣ ላድናት አልችል።
ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው አንድ ነገር፦
መጠባበቂያውን የገለበጥኩት ከፋሲካ በፊት ነበር?

ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ፍለጋ በረንዳ ብወጣ፣
አቧራው ጋርዷቸው ሁለቱ ታዩኝ፤
ሦስተኛው አልመጣ።