መጠቅለያ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከሱቅ ደጃፍ ቁሞ፣
ሙሄ ታፔላ ጻፊው፣ ብሩሹን ተሸክሞ፣
የሲኒ ካርቶን ሲፈታ አየ፤
ሲኒውን ትቶ መጠቅለያው ላይ ቆየ።

የጃፓን ካላንደር፣ ቅጠሉ ያረጀ፦
ድልድይ፣ የጎበጡ ሰዎች፣ ዝናቡ በቀጭን መስመር የተበጀ፤
ሰማዩ አንድ ቀለም፣ ወንዙም አንድ ቀለም፣
ጥላ የሚባል ነገር በጠቅላላው የለም።

ጋሽ አበጋዝ አሉ፣ የሆጤው መምህር፦
«ፓሪስም እንዲህ ነው የገባው ይባላል፣ ሸክላ እንዳይሰበር።
የዚያ አገር ሠዓሊ ዘርግቶ ቢያየው፣
ጥላውን ጣለና መስመሩን ያዘው።»

ሙሄ ዝም አለ።
እኒሁ ሰውዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣
ያንኑ ጥላ ነው «ጨምር፣ ጨምር!» ሲሉ
የከረሙ።
እናቱ ስለት የሚያገቡበት ደብር፣ ግድግዳው ላይ፣
ዓይነ እንቁላል ቅዱሳን፣ ጥላ አልባ፣ በቢጫ ሰማይ፣
«ያልተማረ እጅ» ሲባል ያፈረባቸው፣
አሁን እሱን አዩት፣ በዚያው ዓይናቸው።

ከሰዓት፣ ጦሳ ላይ ደመና ሳይወጣ፣
የሥጋ ቤት ታፔላ ላይ ዝናብ አመጣ፦
ሰባት ጥቁር መስመር፣ በበሬው ጀርባ።
«ማነው የቧጨረው?» አለ ባለሥጋው፣ ቢላ እንደያዘ።
ቆመ። አፈጠጠ።
ሰማዩን ሳያይ፣
ደጅ ያሰጣውን ቆዳ ጠቅልሎ ገባ።